ድንበር የከፈለው ቤተሰብና ሕግ የሚቈጥረው ቀን

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የኪንዶ ዲዳዬን ወረዳ ዋና ከተማ ሃላሌን ያገኛል። ከተማዪቱ ትንሽ ናት፤ ስሟም ከወላይታ ውጭ እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ ዛሬ ከሃላሌና በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች የብዙ ቤተሰብ ኑሮ በአንድ ግቢ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በሁለትና በሦስት አገር ተከፋፍሏል። አባት በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይነግዳል፤ እናት በሶዶ ቤት ተከራይታ ልጆች ታስተምራለች፤ የእናት እኅት በዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ አያት እንሰታቸውን እየጠበቁ በሃላሌ ቀርተዋል። ቤተሰቡ ራሱን እንደ አንድ ቤት ይቈጥራል። ሕግ ግን ቤቱን አያይም፤ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው እያቆመ፥ የማን ዜጋ ነህ? በምን ፈቃድ ገባህ? ግብርህንስ ለማን ትከፍላለህ? ብሎ ይጠይቃል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነው። ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ በቅርቡ የተመደቡ ወጣት ሹማምንት ጉዳዩን የኤምባሲና የአየር ማረፊያ ጉዳይ አድርገው ይገምቱት ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ነገሩ የሚቃናውም የሚበላሸውም ከዚያ አስቀድሞ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ የሕጉ ክፋት አይደለም፤ ማንም ሳያስተውለው የሚያልፍ ቀን ነው።

የወላይታ ሰው እንጀራ ፍለጋ ከቀዬው መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ ኋላም የመተሐራው ሲከተል፥ አገዳ ለመቍረጥ ከወላይታ፥ ከከምባታና ከሐዲያ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነበረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መሬቱ ጠባብ ነው። አንድ አባወራ የሚያርሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም፤ ልጆቹም ሲያድጉ የሚካፈሉት ያንኑ ነው። ነገር ግን ወደ ወንጂ የወረደ ወጣት ከአንድ ሕግ ወደ ሌላ ሕግ አልተሻገረም። ቢያገባ፥ ቢወልድ፥ ቢታመም፥ ቢሞትም በአገሩ ነው። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ በ1986 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ግን የወጣቱ መንገድ ወደ ደቡብ እየረዘመ ሄደ። በጆሐንስበርግ ከተማ መካከል ኢትዮጵያውያን ‹ጄፒ› እያሉ የሚጠሩት የንግድ ሠፈር የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው።

የዚህ መንገድ አስገራሚ ጠባይ የመጀመሪያው በር ክፍት መሆኑ ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ሞያሌን ሲያልፍ በሕግ ጥላ ሥር ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወሰን ያለው ግን ለብዙዎቹ ለደላላ የተተወ ጐዳና ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፥ በጭነት መኪና ላይ በተጫነ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው መገኘታቸውን፥ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም መነገሩን አንባብያን ያስታውሱታል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን በመንገድ ስለ ቀሩት ሳይሆን ስለ ደረሱት ነው። የደረሰው ሰው ችግሩ ያለቀ ይመስለዋልና።

እንግዲህ ከልጁ እንጀምር። በጆሐንስበርግ ከሃላሌ ሰዎች የተወለደ ሕፃን የማን ዜጋ ነው? የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ የሚያኰራ ታሪክ አለው። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው፥ በኢትዮጵያም ይወለድ በውጭ አገር፥ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ነበር። እናትን ከአባት እኩል መቍጠር በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የተለመደ አልነበረም፤ ታላቂቱ ብሪታንያ እንኳ በውጭ አገር የሚወለድ ልጅ ዜግነትን ከእናቱ በቀጥታ እንዲወርስ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፥ የዜግነት አዋጅ ቍጥር 378/1996ም በአንቀጽ 3 ያንኑ አጽንተዋል። ስለዚህ ዐረብ አገር ሄዳ የወለደች የሃላሌ ልጅ፥ አባትየው ማንም ይሁን ማን፥ የወለደችው ኢትዮጵያዊ ነው። በሚኖሩበት አገር ያለው ሕግ ልጁን የእኔ ነው ባይለው እንኳ እናቱ ታወርሰዋለች።

የደቡብ አፍሪካ ሕግ በበኩሉ በአገሪቱ መወለድን ብቻ ለዜግነት አይበቃም ይላል። ወላጆቹ የደቡብ አፍሪካ ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ካልሆኑ ሕፃኑ ሲወለድ ዜጋ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ አንዲት ቀዳዳ ትቷል፤ ይኸውም እንዲህ ያለው ልጅ ከተወለደበት ቀን እስከ አካለ መጠን በዚያው ከኖረና ልደቱ በሕጉ መሠረት ተመዝግቦ ከሆነ፥ 18 ዓመት ሲሞላው ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ‹ተመዝግቦ ከሆነ› የምትለዋን ቃል እንያት። ወላጆቹ በ30 ቀን ውስጥ ካላስመዘገቡት፥ ወይም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጊዜው አልፎበት ከመዝጋቢው ፊት መቅረብን ከፈሩ፥ ከ18 ዓመት በኋላ ያለው በር የሚዘጋው ልጁ ገና በአንቀልባ ሳለ ነው።

በእኛም በኩል ያለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያዊነት በደም ይወረሳል፤ የሚረጋገጠው ግን በወረቀት ነው። የወረቀቱ ታሪክ ደግሞ የሚያሳዝን ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፥ ማለት ስለ ልደት፥ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ፥ በዝርዝር ደንግጎ ሳለ፥ በመጨረሻው ላይ እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አዘገያቸው። ትእዛዙ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሕጉ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ልደትን የሚያስረዳው የሽማግሌ ቃል፥ የክርስትና ወረቀትና የትምህርት ቤት መዝገብ ነበር። ዛሬ በጆሐንስበርግ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው አባት ብዙ ጊዜ የዚያ ትውልድ ነው። የራሱን ልደት የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የልጁን ዜግነት ሊያስረዳ ይጠየቃል።

አዋጁ ልደትን በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በውጭ አገር ለሚወለደው ልጅ የክብር መዝገብ ሹም ሆኖ የሚሠራው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው፤ ለደቡብ አፍሪካ ይህ በፕሪቶሪያ ነው። ከጆሐንስበርግ ፕሪቶሪያ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆነ ርቀቱ ሰበብ አይሆንም። ሰበቡ ሌላ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ጕዳይ እርሱ ነው።

ከደቡብ ኢትዮጵያ ተነሥተው ደቡብ አፍሪካ ከገቡት ብዙዎቹ በእጃቸው ያለው ወረቀት የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃድ ነው። በአገሪቱ የ1998 የስደተኞች ሕግ (እ.ኤ.አ.) መሠረት ይሰጣል፤ በየጊዜው ይታደሳል፤ ለመሥራትና ለመነገድ ያስችላል። ጥገኝነት ማለት ደግሞ አንድ ሰው የገዛ አገሬ መንግሥት አይጠብቀኝም ብሎ የሌላውን ጥበቃ መጠየቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቭ የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት አንድ ስደተኛ በፈቃዱ ተመልሶ የዜግነት አገሩን ጥበቃ ከጠየቀ ስደተኛነቱ ያበቃል ይላል። እንግዲህ አባትየው በ90 ቀን ውስጥ ልጁን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ቢሄድ የአገሩን ሕግ ፈጸመ፤ በዚያው እግሩ ግን በሚኖርበት አገር የቆመበትን ወረቀት አደጋ ላይ ጣለ። ባይሄድ ልጁ በሁለቱም አገር መዝገብ ውስጥ የሌለ ሰው ሆኖ ያድጋል። በአንድ በኩል ታማኝ ዜጋ፥ በሌላ በኩል እውነተኛ ጥገኛ መሆን አንድ ሰው በአንድ ቀን የማይችለው ነገር ነው።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ‹እርሱ ራሱ ያመጣው ነው፤ እንጀራ ፈላጊ ሳለ ጥገኛ ነኝ ማለት ለምን አስፈለገው?› ይል ይሆናል። ሊባል ይቻላል። ነገር ግን ተራ ነጋዴ ወይም ባለ ሱቅ የሚገባበት ሌላ ሕጋዊ በር እጅግ ጠባብ እንደሆነ፥ ሕፃኑም በአባቱ ምርጫ ያልተጠየቀ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ስለዚህ ነገሩን በየደረጃው መለየት ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ባወጣው መመሪያ መጽሐፍ ፓስፖርት ማውጣትና የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ ማውጣት አንድ አይደሉም። ፓስፖርት ያወጣ ወይም ያሳደሰ ሰው ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር የአገሩን ጥበቃ እንደ ጠየቀ ይገመታል፤ የልደት ማስረጃ መቀበል ግን ብቻውን ጥበቃ እንደ መጠየቅ አይቈጠርም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ ግን ከዚህ የጠበቀ ነው፤ ከአገር ኤምባሲ አገልግሎት መጠየቅን ራሱን በክፉ ዐይን ያየዋል። በዚህ መካከል ያለ አባት መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው በተወለደበት አገር በ30 ቀን ውስጥ የሚሰጠውን የልደት ምዝገባ ነው። እርሱ የሁሉም ነገር ሥር ነውና። የኢትዮጵያ ዜግነት በ90 ቀን ማለፍ አይጠፋም፤ ልጁ ኢትዮጵያዊ የሆነው በተወለደ ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ ማስመዝገብም አለ። የሆስፒታል ወረቀት ከጠፋና ምስክር ከተበተነ በኋላ ግን ማስረጃው እየከበደ ይሄዳል። ስደተኛነቱ የጸደቀለት ሰው ደግሞ የጄኔቩ ስምምነት አንቀጽ 25 ይረዳዋል፤ ከአገሩ መሥሪያ ቤት ሊያገኘው ይገባ የነበረውን ማስረጃ የተጠለለበት አገር መንግሥት እንዲሰጠው ያዝዛልና። ይህን አንቀጽ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ከትልቁ ሕግ ወደ ትንሹ ብዕር እንውረድ። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ ስምና ዕድሜ ሲጽፍ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ ላይገምት ይችላል። የሃላሌን ስም እንኳ እንመልከት፤ በአማርኛ አንዱ በ‹ሃ›፥ ሌላው በ‹ሀ›፥ ሦስተኛው በ‹ሐ› ይጽፈዋል። በአማርኛ ሲነበብ ጕዳት የለውም። የወላይትኛ ጽሑፍ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሆነ የአንድ ሰው ስም በትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት ላይ በወላይትኛ አጻጻፍ፥ በቀበሌ መታወቂያ ላይ በአማርኛ፥ በፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ ይወጣል። አናባቢው የሚደገምበትና የማይደገምበት፥ ጠብቆ የሚነበበው ፊደል በሁለት የሚጻፍበትና በአንድ የሚቀርበት አለ። ለውጭ አገር ሹም እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚህም ላይ የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አባትና የልጅ ልጅ በወረቀት ላይ አንድ የሚጋሩት ስም ላይኖር ይችላል። አያት የልጅ ልጃቸውን ለማምጣት ቢጠይቁ ዝምድናቸውን ከስማቸው የሚያይ የለም።

ከስም የከፋው ዘመን ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቈጣጠር የተወለደው በ2006 ነው። አንድ ጸሐፊ ‹1998› የሚለውን ቍጥር ሳይለውጥ ወደ እንግሊዝኛው ቅጽ ቢያሻግረው ልጁ በአንዲት የብዕር ጭረት ስምንት ዓመት ያረጃል። አሥር ዓመት የሆነው ሕፃን አሥራ ስምንት ይሞላዋል፤ ‹አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ› በሚል ከአባቱ ጋር ሊቀላቀል የነበረው መብት በዚያው ይቀራል። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ማረም የፍርድ ቤት ጕዳይ ይሆናል፤ በውጭ አገር ያለው ሹምም እርማቱን በጥርጣሬ ያየዋል።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ስለ መግቢያ ፈቃድ ነው፤ እርሱም ከጋብቻ ጋር የተያያዘ ነው። በደቡብ አካባቢ የታወቀ ነገር አለ። በጆሐንስበርግ ያለው ወጣት ሚስት ሲፈልግ ወላጆቹ በአገር ቤት ልጅ ይመርጡለታል፤ ፎቶግራፍ ይላካል፤ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ድግስ ይደገሳል፤ ሙሽራው ግን የለም። በሕዝቡ ዐይን ልጂቱ ተድራለች። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቍጥር 213/1992) ግን ተጋቢዎቹ ጋብቻው በሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ ራሳቸው ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዝዛል። በእንደራሴ መጋባት የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩን የፍትሕ ሚኒስቴር አረጋግጦ ሲፈቅድ ብቻ ነው። የክልሎቹም የቤተሰብ ሕጎች በአመዛኙ የፌዴራሉን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ድግስ የተዳረችው ልጅ በሕግ ፊት ገና ሚስት አይደለችም፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀትም ሊሰጣት አይችልም።

የደቡብ አፍሪካ የዘመድ ቪዛ ደግሞ ጠሪው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ እንዲሆን፥ ጋብቻውም በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ጥገኝነት ጠያቂው ሁለቱንም አያሟላም። እንግዲህ ሙሽራዪቱ የምትሄደው በየትኛው መንገድ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ባሏ በሄደበት መንገድ ነው፤ የቴቴው ኮንቴይነር ባለፈበት ማለት ነው። በደረሰች ጊዜም ብትወልድ ያላገባች እናት ሆና ትመዘገባለች፤ ባልየው ቢሞት ወራሽነቷን፥ ቢከዳት ድርሻዋን የምታስረዳበት ወረቀት የላትም። ወላጆች የልጃቸውን ክብር ጠብቀን ዳርናት ሲሉ የሰጧት ድግሱን እንጂ ሕጉን አይደለም። በእኛ በኩል የምናምነው ሙሽራው መጥቶ በአካል መጋባት ካልቻለ ልጂቱ መነሣት የለባትም ብለን ነው። በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ በኢትዮጵያ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ እንደሚጸናም ማወቅ ይጠቅማል።

ሃያ ዓመት የቆየውና በመጨረሻ የደቡብ አፍሪካን ዜግነት ያገኘው ሰው ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። በአዋጅ ቍጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቈጠራል። ማንም ደብዳቤ አይጽፍለትም፤ ነገሩ በራሱ ይሆናል። ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅም ቢሆን አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚጠብቅ ካላስታወቀ እንደ ተወ ይቈጠራል። ይህች አንድ ዓመት ከ18ኛው እስከ 19ኛው የልደት ቀን ያለችው ናት፤ ወጣቱ ስለ ፈተናና ስለ እግር ኳስ በሚያስብበት ዕድሜ ታልፋለች። እርግጥ አንቀጽ 22 መመለሻ ከፍቷል፤ መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ መልሶ፥ የውጭውን ዜግነት ትቶ ያመለከተ ሰው ዜግነቱን መልሶ ያገኛል።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው መታወቂያ በአዋጅ ቍጥር 270/1994 ተዘጋጅቶለታል። ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ፥ ወይም ከወላጆቹ፥ ከአያቶቹ፥ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረለት ሰው ካርዱን ሲይዝ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ ቤት ይኖረዋል። አይመርጥም፥ አይመረጥም፤ በመከላከያ፥ በጸጥታና በውጭ ጕዳይ መሥሪያ ቤቶች አይቀጠርም። የዚህን ካርድ ዋጋ ለማየት በ2017 ዓ.ም. የወጣውንና ለማንኛውም የውጭ ዜጋ ቤት የመግዛት መብት የሰጠውን አዋጅ ማስተያየት ይበቃል፤ ያ አዋጅ ከ150,000 የአሜሪካ ዶላር ያላነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። የሃላሌ ተወላጅ በሶዶ ቤት ለመሥራት ይህን ያህል አይጠየቅም፤ አያቱ ማን እንደሆኑ ያስረዳ እንጂ። ማስረጃውም ዞሮ ዞሮ ያው የቀበሌ መዝገብ ነው።

ሆኖም ካርዱ የማይከፍተው በር አለ። በሶዶ ያለው ቤትና በሃላሌ ያለው የእንሰት ጓሮ በሕግ አንድ አይደሉም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በነፃ መሬት የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት የተሰጠው ለኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ሶዶ ላይ ፎቅ ሊኖረው ይችላል፤ አባቱ እትብቱን የቀበሩበትን ጓሮ ግን እንደ ገበሬ ሊይዝ አይችልም። አያት ‹ሁሉም ልጆቼ እኩል ናቸው› ብለው ሲያከፋፍሉ ይህን ልዩነት የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የግብር ነው፤ ስለ እርሱ ሰው ብዙ ይፈራል፥ ጥቂት ያውቃል። ከውጭ ለእናትና ለልጅ ቀለብ ወይም ስጦታ ሆኖ የሚላክ ገንዘብ የገቢ ግብር የሚከፈልበት አይደለም፤ በዚህ መደናገጥ አይገባም። ግብር የሚመጣው ከነዋሪነት ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 በአንቀጽ 5፥ በኢትዮጵያ መደበኛ መኖሪያ ያለውን ሰው፥ እንዲሁም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ በአገር ውስጥ የቆየውን ሰው ነዋሪ ይለዋል። ነዋሪ የሆነ ሰው ግብር የሚከፍለው በዓለም ላይ ከየትም ባገኘው ገቢ ነው። ዜግነቱ እዚህ ላይ አይጠየቅም።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ለጊፋታ በዓል ብሎ መስከረም 10 ቀን ከጆሐንስበርግ ቢመጣና፥ ቤት ሲያሠራ ቆይቶ መጋቢት 30 ቀን ቢመለስ ስንት ቀን ቆየ? በእኛ አቈጣጠር ከጳጕሜን በቀር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ለተማሪ አይከብድም፤ 201 ቀን ነው። ስድስት ወር ከሦስት ቀን አልፏልና ነዋሪ ሆኗል። በዚያ ዓመት ሱቁ ያተረፈለትም እዚህ ሊጠየቅ ይችላል። በአዋጁ አንቀጽ 45 መሠረት በውጭ የከፈለው ግብር ይቀናነስለታል፤ ነገር ግን የውጭው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ደረሰኝ ማቅረብ አለበት። በዚያ ግብር ያልከፈለ ሰው የሚቀናነስለት ነገር የለም። ቀን ሳይሞላው የተመለሰ ሰው ሁሉ ነፃ ነው ማለትም አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹ በሶዶ፥ ቤቱም በዚያው ከሆነ መደበኛ መኖሪያህ ይህ ነው ሊባል ይችላል።

ደቡብ አፍሪካም በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነዋሪዎቿን በዓለም ገቢያቸው ታስከፍላለች። እንግዲህ አንድ ሰው በሁለት አገር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት በ1996 ዓ.ም. የተፈራረሙት ስምምነት ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ስምምነቶች እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ቋሚ መኖሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በሁለቱም ካለው የኑሮውና የጥቅሙ ማእከል ወዴት እንደሚያደላ፥ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚኖርበትን፥ ከዚያም ዜግነቱን ያያሉ። የሃላሌው ነጋዴ የኑሮው ማእከል የት ነው? ገንዘቡ በጄፒ፥ ልጆቹ በሶዶ፥ መቃብሩ ሊሆን የሚያስበው በሃላሌ ነው። ሕግ መልስ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን መልሱ የሚመጣው ለጠየቀና ሰነድ ላቀረበ ሰው ነው።

ስለ ዐረብ አገር ሠራተኞች ግብር የምንለው ጥቂት ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያና በኤሚሬትስ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይከፈልም። ለእነርሱ የሚከብደው የፈቃዱ ነገር ነው። መኖሪያቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ በመሆኑ አሠሪዋን ጥላ የወጣች ሠራተኛ በዚያው ሰዓት የመኖሪያ ፈቃዷን መሠረት ታጣለች። በአዋጅ ቍጥር 923/2008 መሠረት ውሏ በመንግሥት ታይቶ የሄደች ሠራተኛና በጕብኝት ቪዛ የሄደች ሠራተኛ በችግር ቀን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዪቱን የላካት ኤጀንሲ ይጠየቅላታል፤ የሁለተኛዪቱ ደላላ ስልኩን ዘግቷል።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ይኸውም ውክልና ነው። በሶዶ የሚከራየው ቤት ባለቤቱ የትም ይኑር የት የኪራይ ገቢ ግብር አለበት፤ ገቢው የመነጨው በኢትዮጵያ ነውና። ግብሩን የሚከፍለው፥ ኪራዩን የሚቀበለው፥ የግንባታ ፈቃዱን የሚያሳድሰው ወንድም ወይም ሚስት ናት። ለዚህ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል፤ በውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አልፎ፥ በውጭ ጕዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው የሚጸናው። ስለዚህ ያ የጥገኝነት ወረቀት የያዘው አባት፥ ለልጁ ልደት ሲል ያልደፈረውን የፕሪቶሪያ ደጅ ለቤቱ ኪራይ ሲል እንዲያንኳኳ ይገደዳል። በሶዶ ብዙ ቤት በወንድም ስም የተመዘገበው ይህን ለመሸሽ ነው። ወንድምየው ሲሞት ወይም ሲያገባ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ገንዘቡን የላከው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በፍርድ ቤት ለመቅረብ ቪዛና የጕዞ ሰነድ ያስፈልገዋል።